መብራት የበራበት አራጣ

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ይህን የማነሳው ስለ ዕድሜዬ ለማውራት አይደለም፤ አሁን ስንት እንደሞላኝ ስትጠይቁኝ ወሬ የምለውጥ ሴት ነኝ። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት የልደቴ ሰሞን ነበር፤ በጆርጂያ ደግሞ የመኪና ታግ፣ እኛ ቦሎ የምንለው፣ የሚያልቀው በባለቤቱ የልደት ቀን ነው። ስለዚህ እንደየዓመቱ፣ ኬኩ ከመቆረሱ በፊት መኪናዬን ይዤ ለጭስ ምርመራ ወጣሁ። አትላንታ ዳር፣ ታከር ውስጥ፣ ከጎማ ቤቱ አጠገብ አንዲት ጠባብ ዳስ አለች፤ መኪናችሁን አስገብታችሁ፣ ከመቀመጫችሁ ሳትነሱ ተመርምራችሁ ትወጣላችሁ። እዚያ የምትሠራው ልጅ አበሻ ናት። እዚሁ የተወለደች ትመስለኛለች፤ አማርኛዋ እንዳልተለመደ ጫማ ትንሽ ይጠባታል። በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብላ፣

«ማሚ፣ ሪኒው ልታደርጊ ነው?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ልጅቷ ግራ ገባት። «ምነው፣ ምን አልኩ?» አለች። ምንም እንዳላለች፣ ያ «ሪኒው» የምትለው የማደስ ቃል ግን በልጅነቴ ጉድ እንደሠራኝ ነገርኳት። «ኦኬ፣ ሶ ምን ሆነ?» ብላ ክርኗን መስኮቴ ላይ አስደገፈች። ልጀምርላት ስል ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጡሩምባውን ለቀቀው። ለእሷ ሳልነግራት የቀረሁትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

የመጣሁት በዲቪ ነው፤ ብቻዬን። የተቀበለችኝ የአባቴ እህት እትዬ ብርቄ ናት፤ ነፍሷን ይማርና። ስኮትዴል ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለ ቀይ ጡብ አፓርትመንት ትኖር ነበር። ቀን ቀን ለአውሮፕላን ተሳፋሪዎች ምግብ በሚዘጋጅበት ትልቅ ወጥ ቤት ሽንኩርትና ካሮት ስትከትፍ ትውላለች። ቤት ስትገባ ደግሞ «እስቲ ትንሽ ልረፍ» ትልና ነጭ ሽንኩርት መላጥ ትጀምራለች። ሌላው ሰው ቴሌቪዥን ከፍቶ ያርፋል፤ እሷ የምታርፈው በነጭ ሽንኩርት ነው። ሲደላትም፣ ሲከፋትም፣ ስልክ ስታወራም ጣቷ ሥራ አይፈታም። ከቤታችን ነጭ ሽንኩርት ያልተላከለት ጎረቤት አልነበረም፤ የፎቁ ላይ ሜክሲኮዎች ሳይቀሩ በእኛ ሽንኩርት ነበር የሚያበስሉት።

መኪናዬን የገዛሁት በመጣሁ በዓመቴ ነው። የወይን ጠጅ ቀለም ያላት፣ ከእኔ ጥቂት የምታንስ አሮጊት ነበረች። ከገዛኋት ቀን ጀምሮ ግን እኩሌታዋ የእትዬ ብርቄ ሆነች። በሐምሌ የአትላንታ ፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ምን እንደሚያደርግ እዚህ የኖረ ያውቀዋል፤ መሪውን መጨበጥ ምጣድ እንደ መጨበጥ ነው። እትዬ ብርቄን የአፓርትመንቱ ኃላፊ በረንዳ ላይ በርበሬ እንዳታሰጣ ከልክሏት ነበር። መኪናዬን ባየች ጊዜ ዓይኗ በራ። ቀዩን በርበሬ በአንሶላ አድርጋ ከኋላ ወንበሩ ላይ፣ የተረፈውን ከፊት መስታወቱ ሥር ዘረጋችው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ወዲያ መኪናዬ ክረምት ከበጋ በርበሬ በርበሬ ትሸት ነበር። ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ሳስነጥስ ከጎኔ ያሉ ሾፌሮች በመስታወታቸው ውስጥ «ብለስ ዩ»፣ ይማርሽ፣ ሲሉኝ ከንፈራቸውን አይ ነበር።

እቁብ ያስገባችኝም እሷ ናት። በየወሩ የመጨረሻ እሑድ ታከር፣ ጋሽ ልሳኑ ቤት ይጣላል። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ሙስሊሙም አለበት፤ ሹፌሩም፣ አስተናጋጁም፣ አረጋውያን የሚንከባከበውም። ጋሽ ልሳኑ ዳኛችን ነበሩ። አገር ቤት አስተማሪ ስለነበሩ ስም ሲጠሩ «አቤት» ብሎ ያልቆመ ሰው ደስ አይላቸውም። ሰው ሁሉ ሲገባ ዋስ ይጠራል፤ ያጎደለ እንደሆነ ዋሱ ይከፍላል። እኔ የገባሁ ዕለት ጋሽ ልሳኑ «ዋሷ ማን ነው?» ሲሉ እትዬ ብርቄ፣ «እኔ ነኝ፤ እንደኔ ቁጠሯት» አለች። ያቺ «እንደኔ» አንገቴ ላይ እንደ ማተብ ታሰረች።

ታዲያ ገና አልፎ ጥር ሲገባ ደንዉዲ ውስጥ የምሠራበት ሆቴል ጭር አለ። አልጋ ላነጥፍለት የምጠብቀው እንግዳ ጠፋ። አለቃችን ጥፋት እንደሌለብኝ ደጋግማ ነግራኝ ሰዓቴን ቆረጠችው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ቀረኝ። ከኪራይ ድርሻዬና ከመኪናዋ ኢንሹራንስ በኋላ ለእቁብ የሚተርፍ አልነበረም። ለእትዬ ብርቄ ብነግራት ዝም ብላ እንደምትከፍልልኝ አውቃለሁ፤ የፈራሁትም እሱኑ ነው። ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን በእጇ እየደገፈች የምትወጣ ሴት ናት። «እንደኔ ቁጠሯት» ባለችልኝ በጥቂት ወሯ እሷን ማስከፈል ሞት ሆነብኝ።

በምመላለስበት ትልቁ መንገድ ላይ፣ በዶሮ ክንፍ መጥበሻ ቤቱና በፀጉር ቤቱ መካከል፣ ቢጫ መብራት ያላት ቤት ነበረች። ቀን እንኳ መብራቷ አይጠፋም። «በመኪናዎ ታይትል ገንዘብ ይውሰዱ» ይላል መስታወቱ ላይ። ታይትል ማለት እኛ ሊብሬ የምንለው ነው፤ መኪናው የማን እንደሆነ የሚመሰክረው ወረቀት። ገባሁ። ከውጭ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ውስጡ ሞቅ ያለ፣ ጽድት ያለ፣ ሎሚ ሎሚ የሚሸት ነው። ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለ ፈቃድ አለ። ገንዘብ መቀበያው መስኮት ላይ በሳህን የተሞላ ከረሜላ አለ። ጥፍሯ ረጅም የሆነ ደግ ሴት «ቤቢ» ብላ ተቀበለችኝ፤ በዚያ ወር እንደዚያ ብሎ የጠራኝ ሰው ስላልነበረ አንጀቴ ራሰ። መኪናዋን ልታይ ወጥታ በሩን ስትከፍት አከታትላ አስነጠሰች። እኔም ይቅርታ ጠይቄ ስለ በርበሬው ላስረዳት ሞከርኩ። ሊብሬዬን ሰጠኋት፤ ዘጠኝ መቶ ዶላር ሰጠችኝ። መኪናዬን ራሴው እየነዳሁ ሄድኩ። እንዲህም አለ እንዴ አልኩ፤ ወረቀት ብቻ ወስደው ገንዘብ የሚሰጡ ደጎች።

ስወጣ የነገረችኝ በወሩ መጥቼ ወይ ሁሉንም እንድከፍል፣ ወይ ሪኒው እንዳደርግ ነው።

እዚህ ላይ ስለዚህ ቃል ትንሽ መናገር አለብኝ። ለእኔ በዚያን ጊዜ ሪኒው የተባረከ ቃል ነበር። አገር ቤት ሳለሁ መታወቂያ ማሳደስ ማለት ከማለዳ ተሰልፎ፣ ማኅተም የያዘው ሰውዬ ምሳ ሳይወጣ ደርሶ፣ ተሳክቶ ሲመለስ ቤተሰብ ሁሉ እፎይ የሚልበት ነገር ነው። እዚህ ደግሞ የሥራ ፈቃዱ ሪኒው የሆነለት ሰው ቤት ምግብ ተሠርቶ ይበላል፤ «እንኳን ደስ አለህ» ይባላል። የታደሰ ነገር ሁሉ ጥሩ ነው፤ ያልታደሰ ነው ሰውን የሚያስይዘው። ስለዚህ በወሩ የተባልኩትን ከሁለት መቶ ዶላር በላይ ይዤ ሄድኩና ደረቴን ነፍቼ «ሪኒው» አልኩ። ባለ ረጅም ጥፍሯ ሴት ፈገግ አለች፤ እኔም ፈገግ አልኩ። ከረሜላ አንስቼ ወጣሁ። በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ። በልቤ ልክ እንደ እቁብ ነበር የያዝኩት፤ በየወሩ ሲጣል ሲጣል አንድ ቀን ያልቃል።

ጸደይ መጣ። ጥዱ ሁሉ ቢጫ ዱቄቱን አራገፈ፤ መኪናዬ ከወይን ጠጅ ወደ ሽሮ መልክ ተለወጠች። በሚያዝያ ደንዉዲ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሥራ አገኘሁ። ሺፍቱ የሚጀምረው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት እዚያ የሚያደርስ አውቶቡስ የለም። የቀጠረችኝ ሴት የመጀመሪያ ጥያቄዋ «መኪና አለሽ?» የሚል ነበር። «አለኝ» አልኳት፤ ውሸት አልመሰለኝም። ሰዎቹን ወደድኳቸው። ፊታቸውን አጥቤ፣ ቁርሳቸውን አብልቼ፣ ፀሐይ ስትወጣ በመስኮት አብረን እናይ ነበር። ደሞዙም ከሆቴሉ ይሻል ነበር፤ ግን የተሻለውን ያህል ቢጫዋ ቤት ይወስደው ጀመር። በሰኔ አንድ ጊዜ ደፍሬ ያቺን ባለ ረጅም ጥፍር ሴት ምን ያህል እንደቀረኝ ጠየቅኋት። ስክሪኑን አዞረችልኝ። ዘጠኝ መቶ ይላል። ኮምፒውተሩ ገና አልመዘገበውም ይሆናል ብዬ የወሩን ከፈልኩ። ደግሜ መጠየቅ አፈርኩ፤ እንግሊዝኛዬ ጎድሎብኝ እንጂ እሷማ ነግራኛለች አልኩ።

በነሐሴ መግቢያ መኪናዋ ባትሪ ጨረሰችብኝ። እሱን ስገዛ የሪኒው ቀኑ አለፈኝ።

ፍልሰታ ተይዞ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ እትዬ ብርቄ አንሶላዋንና በርበሬዋን ይዛ ፓርኪንጉ ላይ ቆማለች፤ ከጾም ላይ ፀሐዩ ተጨምሮ ከንፈሯ ደርቋል። ወርጄ ልረዳት ጀመርኩ። አስፋልቱ ጫማ ሥር ይለጠጣል።

«ሰዎች ደውለውልሽ ነበር» አለች፤ ዛላዎቹን አንድ ባንድ እያስተኛች። «የኢሚግሬሽን ሰዎች ይመስሉኛል። ስምሽን ገድለው ነው የጠሩት። ከተናገሩት የገባኝ ሪኒው የሚለው ነው፤ ሪኒው አላደረገችም ይላሉ። ልጄ፣ ግሪን ካርድሽ ምን ሆነ?»

እኔ ደንቆሮዋ ቀለል አለኝ። «እሱማ የመኪናው ነው፤ ሰኞ ሄጄ አድሳለሁ» አልኳት።

«የመኪናው ምኑ ነው የሚታደሰው? ታጉ እንደሆነ በልደትሽ ነው።»

እንግሊዝኛው ይለፋት እንጂ ቀን አያልፋትም። ነገርኳት። ጥር ላይ ሰዓቴ መቆረጡን፣ እቁቡን፣ ሊብሬውን፣ ከረሜላውን ሳይቀር ነገርኳት። አልተቆጣችም። በርበሬ እንደያዘች ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«ስንት ወሰድሽ?»

«ዘጠኝ መቶ።»

«እስከዛሬ ስንት ከፈልሽ?»

በጣቴ ቆጠርኩ። «ከሺህ ያልፋል።»

«ስንት ቀረሽ?»

«ዘጠኝ መቶ» አልኩ። የተናገርኩትን ያን ጊዜ የገዛ ጆሮዬ ሰማው።

«ዘነበች» አለችኝ። ዘንዬ ማለት ትታ ሙሉ ስሜን የምትጠራው ስትፈራ ነው። «ይኼ እኮ አራጣ ነው።»

አይደለም አልኳት። ቢሮ እንደሆነ፣ ፈቃዳቸው በፍሬም እንደተሰቀለ ነገርኳት።

«መብራት ስለበራበት ነው አራጣ ያልመሰለሽ?»

ምን ልበላችሁ፤ አራጣ ለእኔ ሌላ ነገር ነበር። ሰፈራችን ውስጥ አራጣ የምታበድር ሴት ነበረች፤ መስኮቷ ሁልጊዜ የተዘጋ፣ ቁልፎቿ ጡቷ ሥር የሚንኳኩ። ወደ እሷ የሚሄድ ሰው ሲመሽ ተደብቆ ነው የሚሄደው፤ ስሟም በሹክሹክታ ነው የሚነሳው። አራጣ ማለት ጨለማ ነው ብዬ ነበር የማውቀው። ከረሜላ የሚያቀርብ፣ «ቤቢ» የሚል፣ አየሩ ሎሚ ሎሚ የሚሸት አራጣ ይኖራል ብሎ የነገረኝ የለም።

እትዬ ብርቄ በርበሬውን አስቀምጣ የመኪናውን በር ተደገፈች። እናቷ፣ የእኔ አያት ማለት ነው፣ ልብስ ሰፊ እንደነበረች አውቅ ነበር፤ ለምን እንደተወችው ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አንድ ክረምት ተበድራ፣ ወለዱን ስትከፍል ስትከፍል ከርማ፣ ዋናው እንዳለ ቁጭ ብሎ፣ የስፌት መኪናዋን በአህያ ጭነው ሲወስዱት እትዬ ብርቄ በር ላይ ቆማ አይታለች።

«እንግዲህ በእኛ ቤት መኪና በአራጣ ሲሄድ ይኼ ሁለተኛው ነው» አለችና ወዲያው የራሷ ነገር አሳቃት። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ወደ ለቅሶ ዞረ። በርበሬውም ረድቶኛል።

እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈልኩ መኪናዋን ጎትተው ይወስዷታል፤ መኪናዋ ከሄደች የማለዳው ሥራ ይሄዳል፤ ሥራው ከሄደ እቁቡ ይጎድላል፤ እቁቡ ሲጎድል የሚጠራው የእትዬ ብርቄ ስም ነው። ልሸሸው ብዬ የሮጥኩት ነገር ዞሮ ከፊቴ ጠበቀኝ። እሷ ያላትን በዚያው ሳምንት ለልጇ ትምህርት ቤት አገር ቤት ልካለች። ከሳህን ማጠቢያው አጠገብ ተቀምጠን ብዙ ካሰብን በኋላ፣ በወሩ መጨረሻ እሑድ እቁብ ላይ ዕጣው የወጣለትን ሰው ልንለምን ተስማማን። ዕጣ መለመን ያለ ነገር ነው፤ የታመመ፣ ሐዘን የደረሰበት ይለምናል። እኔ ግን አልታመምኩም። አንቺ ንገሪልኝ አልኳት።

«እኔ ዋስሽ ነኝ እንጂ አፍሽ አይደለሁም» አለች። «ራስሽ ትናገሪያለሽ።»

ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለ። የጆርጂያ የነሐሴ ዝናብ እንደ አገራችን ቀኑን ሙሉ አይለምንም፤ ሰማዩን ሰንጥቆ ይወርድና ለግማሽ ሰዓት ሁሉን ያጥባል፤ ከዚያ ምንም እንዳልሠራ ፀሐይ ይወጣል። ጋሽ ልሳኑ ከኋላ በረንዳቸው ላይ በቆሎ እሸት እየጠበሱ ነበር፤ ጭሱ ከእርጥቡ ሣር ሽታ ጋር ቤቱን ሞልቶታል። ሁሉም በቆሎውን ይዞ ተቀመጠ። እኔም አንድ ይዤ ነበር፤ አንድ ፍሬ አልነካሁም። የተጠቀለሉት ወረቀቶች ጣሳ ውስጥ ተንኮሻኮሹ፤ ጋሽ ልሳኑ አንዱን አውጥተው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«ታደሰ።»

ጋሽ ታደሰ ከወንበራቸው ተነሱ። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ ፓርኪንግ የሰው ቫን ነው የሚነዱት፤ የራሳቸውን ጥቁር መኪና ገዝተው እንግዳ ማመላለስ ሕልማቸው እንደሆነ የማያውቅ የእቁብ አባል የለም። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ሃሌሉያ» አሉ፤ ጴንጤ ናቸው። አንዱ ከጥግ፣ «ታዴ፣ እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሰላምታም በቀጠሮ ነው በለን» አላቸው። ቤቱ ሳቀ። እኔ እትዬ ብርቄን አየሁ። እሷ በቆሎዋን ነው የምታየው።

ቆምኩ። ሐሳቤን በሥርዓት አዘጋጅቼ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን፣ «ጋሽ ታደሰ፣ መኪናዬ በአራጣ ተይዛለች» የሚል ብቻ ነው። የቀረውን እየተንተባተብኩ ተናገርኩ፤ ሪኒው ያልኩትን፣ ምን መስሎኝ እንደነበር፣ ዕጣቸውን እንዲለቁልኝ እንደምለምናቸው።

ከመሐል አንድ ሰው በቆሎውን እያኘከ፣ «የትኛዋ ናት? ያቺ ቢጫዋ?» አለ። ሚስቱ ዞር ብላ አየችው።

«አንተ ደግሞ በምን አወቅሃት?»

ሰውዬው ማኘኩን አቆመ። ሳቁ እንደገና ፈነዳ፤ እንደዚያ ቀን ሳቅ የጠቀመኝ የለም። ለካ መብራቱ ያታለለው እኔን ብቻ አይደለም።

ጋሽ ታደሰ ግን አልሳቁም። ተቀመጡ፤ አሰቡ።

«ዕጣዬን አልሰጥሽም» አሉ።

እሺ ለማለት አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ዕጣውን ብሰጥሽ ስድስት ሺህ ዶላር እጅሽ ይገባል። አንቺ የጎደለሽ ዘጠኝ መቶ ነው፤ ትርፉ ሌላ ጣጣ ይወልድብሻል። ዘጠኝ መቶውን ከእኔ ትወስጃለሽ። በየወሩ ለእነሱ የምትከፍዪውን፣ ያንኑ፣ ለእኔ ትከፍያለሽ። ልዩነቱ የእኔ ያልቃል።»

ጋሽ ልሳኑ መነጽራቸውን አወለቁ። «ታደሰ፣ እቁብ አይቆረስም» አሉ።

«እርስዎ ሙሉውን ቆጥረው ይስጡኝ። የምቆርሰው እጄ ከገባ በኋላ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ደግሞም ከዛሬ ጀምሮ ታደሰ የምትይው እኔን ብቻ ነው» አሉኝ።

በማግስቱ እትዬ ብርቄ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ አብራኝ ሄደች። የተተኮሰ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ነበር። የወሩን ወለድ ከደሞዜ ጨምሬበት ሙሉውን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ። ያቺ ደግ ሴት ዛሬም ደግ ነበረች፤ ሁሉንም መክፈል የግድ እንዳልሆነ፣ ብፈልግ ሪኒው ማድረግ እንደምችል ነገረችኝ። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። «ኖ ሪኒው» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ እንግሊዝኛ የተናገርኩ አይመስለኝም። ሊብሬዬ ተመለሰ። ልንወጣ ስንል እትዬ ብርቄ ወደ መስኮቱ ተመልሳ፣ ቦርሳዋን ከፍታ፣ ከረሜላውን በጭብጥ በጭብጡ ጨመረችው።

«እትዬ ብርቄ፣ ኧረ ነውር ነው።»

«የምን ነውር? ከሺህ በላይ ከፍለሻል። መልስ ነው» አለች። ያን ከረሜላ እስከ መስቀል ስንበላው ከረምን።

ለጋሽ ታደሰ በየወሩ ከፈልኩ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፤ በታኅሣሥ የመጨረሻውን ሰጠኋቸው። ከልባቸው ነው የተቀበሉኝ፤ ቆጥረው፣ ኪሳቸው ከተቱት። አንድም ቀን «ተዪው» አላሉኝም። ያን ጊዜ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፤ በመጨረሻዋ ላይ እንኳ ቢምሩኝ ብዬ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። ተዪው ቢሉኝ እስከዛሬ የተለመነላት ልጅ ሆኜ እቀር ነበር፤ ቆጥረው ስለተቀበሉኝ ግን ከፍዬ የወጣሁ ሰው ሆንኩ። ስለዚያ ቆጠራቸው ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። መኪናም ገዙ፤ ብሩ ስለጎደለ ጥቁሯ አልሆነችላቸውም፣ ጎኗ ትንሽ የተጨፈለቀ ግራጫ ነው ያገኙት። ሰው ሲያበሽቃቸው «ጥቁርነቷ ዘነበች ጋ ቀርቷል» ይሉ ነበር።

እኔ ደግሞ እዳው ካለቀ በኋላ መክፈሌን አላቆምኩም። ያንኑ ያህል በየወሩ ባዶ የበርበሬ ጣሳ ውስጥ እጨምር ነበር፤ ሲገባ እያስነጠሰኝ። አዲስ ነገር ከመጀመር የለመዱትን መቀጠል ይቀላል። የመጀመሪያውን ጎማ ያለማንም መብራት የገዛሁት ከዚያ ጣሳ ነው፤ በኋላም ብዙ ነገር ከዚያው ወጥቷል።

የጭስ ምርመራዋ ልጅ ወረቀቴን ስትሰጠኝ «አልፈሻል ማሚ፣ አሁን ሪኒው ማድረግ ትችያለሽ» አለችኝ። አመስግኛት ወጣሁ። በመንገዴ በዚያች ቤት በኩል አለፍኩ። ቢጫው መብራት የለም፤ አሁን የሕፃናት ጥርስ ሐኪም ሆናለች። ከረሜላውን አስቤ ብቻዬን ሳቅሁ። ሪኒው የሚለው ቃል ዛሬ አያስፈራኝም፤ ዝም ብሎም አያስደስተኝም። ሰው ሊታደስልሽ ነው ብሎ አንድ ነገር ሲሰጠኝ፣ የሚታደሰው እኔ ነኝ ወይስ እዳዬ ብዬ እጠይቃለሁ። ይህን ጥያቄ ያስተማረችኝ ሴት ፊደል ከቤተ ክርስቲያን ያለፈ አልቆጠረችም። ለሠራችልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በቃል ነግሬያት አላውቅም፤ ብሞክር ኖሮ ነጭ ሽንኩርት ልጠሽ ስጪኝ ትለኝ ነበር።

ያ የእቁብ ዙር አልቆ አዲሱ ሲጀመር እኛ ቤት ተሰበሰብን። ጋሽ ልሳኑ እንደ ልማዳቸው ስም እየጠሩ የእያንዳንዱን ዋስ ጠየቁ። እኔ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆም አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ቤቱ የሚያውቀውን እሳቸውም ያውቃሉ።

«ዘነበች» አሉ። «ዋሷ ማን ነው?»

እኔ ምንጣፉን አየሁ። እትዬ ብርቄ የወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች። «እንደኔ ቁጠሯት።»

ከዚያ ወደ ነጭ ሽንኩርቷ ተመለሰች።